ልጁን ማን ይመዝነው? የመማር ችግር ሲጠረጠር የትምህርት ቤት፣ የግልና የሕክምና ምዘና ሲነጻጸሩ

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ የንባብ መጽሐፉን ገልጦ አንዱን ገጽ ያለ አንዳች መደናቀፍ ያነባል። እናቱ ከመሃል ያለችውን ዓረፍተ ነገር በጣቷ አሳይታ ከዚያ እንዲጀምር ስትጠይቀው ግን ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ሥዕሉ፣ ቀጥሎም ወደ እርሷ ይሄዳል፤ በመጨረሻም «ደከመኝ» ይላል። ገጹን አላነበበውም፤ ጓደኞቹ ክፍል ውስጥ ሲያነቡት ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። እንዲህ ያለችው ቅጽበት ለብዙ ወላጆች የጥርጣሬው መነሻ ናት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ የት እንውሰደው?

ከፊት ያሉት መንገዶች አራት ናቸው። ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዲመዝነው በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ከፍሎ የግል የስነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ይቻላል፤ በሐኪም በኩል መጀመር ይቻላል፤ ምዘናውን ለጊዜው አቆይቶ ድጋፉን አስቀድሞ መጀመርም ይቻላል። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፤ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚበጀው ለትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ጥያቄ አስገብቶ በዚያው ሳምንት ድጋፉን ማስጀመር፣ ጎን ለጎንም ጆሮና ዓይን ማስመርመር ነው ብዬ አምናለሁ። የግል ምዘና የራሱ ቦታ አለው፤ ነገር ግን መጀመሪያ የሚሮጥበት በር ሳይሆን በግልጽ የተቀመጠ ጥያቄ ተይዞ የሚኬድበት ነው። ወላጅ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው የመዛኙን ማዕረግ ሳይሆን ከምዘናው በኋላ ምን ማወቅና ምን ማስለወጥ እንደሚፈልግ ነው።

ምዘናው ምን ይዟል?

የዛሬዎቹ የችሎታ መለኪያዎች የተወለዱት ከዚሁ ጥያቄ ነው። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 እ.ኤ.አ. በፓሪስ መለኪያቸውን ሲያወጡ የፈለጉት መደበኛውን ትምህርት መከተል ያቃታቸውንና የተለየ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ነበር። ቢኔ ራሱ ውጤቱ እንደማይለወጥ የተፈጥሮ ልክ እንዳይቆጠር አጥብቆ ተከራክሯል። ይህ ማሳሰቢያ ዛሬም አንድ ቁጥር ይዘው ከምዘና ክፍል ለሚወጡ ወላጆች ይሠራል።

በደንብ የተሠራ ምዘና ቢያንስ አራት ነገሮችን ያካትታል። የመጀመሪያው የልጁ ታሪክ ነው፤ እርግዝናና ወሊድ፣ አፍ የፈታበት ዕድሜ፣ የጆሮ ሕመም፣ የቤተሰብ የንባብ ታሪክና የትምህርት ቤት ለውጥ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው አጠቃላይ የአስተሳሰብ ችሎታን የሚለካው ክፍል ነው። ለዚህ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ የዌክስለር የልጆች መለኪያ ሲሆን በ2014 የወጣው አምስተኛ እትሙ ከ6 ዓመት እስከ 16 ዓመት ከ11 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው፤ የቃል ግንዛቤን፣ የዕይታና የቦታ ግንዛቤን፣ አዲስ ችግር የመፍታት ብቃትን፣ የሥራ ትውስታን (መረጃን ለአፍታ በአእምሮ ይዞ የመጠቀም ችሎታን) እና የአሠራር ፍጥነትን ለየብቻ ያሳያል። ሦስተኛው በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ልጁ በተጨባጭ የሚሠራውን የሚለካ ነው፤ በቃላት ውስጥ ያሉ ድምፆችን ነጥሎ መስማቱና ማጣመሩም እዚሁ ይታያል። አራተኛው ከመምህሩ የሚገኝ መረጃና የክፍል ውስጥ ምልከታ ነው። አንዱ የጎደለው ምዘና ዋጋ ቢስ ባይሆንም፣ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ወላጅ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያ መሠረት፣ አንድ ልጅ የተለየ የመማር ችግር አለበት የሚባለው ለችግሩ የታሰበ እገዛ እየተሰጠውም ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር ከዘለቁ ነው። መመሪያው ችግሩ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ሲደመር ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑ የትምህርት ዕድሜ ልጆችን እንደሚነካ ያስቀምጣል። በአንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ልጅ መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው። «እገዛ እየተሰጠው» የሚለው ሐረግ ለምርጫችን ቁልፍ ስለሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የትምህርት ቤቱ መንገድ

የትምህርት ቤት ምዘና ትልቁ ብልጫ በብዙ አገሮች የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ መሰጠቱ ብቻ አይደለም። የሚመዝነውና ድጋፉን የሚሰጠው አንድ ወገን መሆኑ ነው። ልጁን በየቀኑ የሚያዩት ሰዎች ውጤቱ ላይ እጃቸው ካለበት፣ ሪፖርቱን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ የመክተቱ ዕድል ይቀንሳል። መዛኙም ልጁን በአርባ ልጆች መሃል፣ ጫጫታው እያለ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሲገለብጥ ሊያየው ይችላል፤ ጸጥ ባለ ቢሮ ውስጥ ብቻውን የተመዘነ ልጅ ይህን ገጹን አያሳይም።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ባለሙያዎቹ ጥቂቶች ሲሆኑ ወረፋው ይረዝማል። ሁለተኛው የጥያቄው ዓይነት ነው። ትምህርት ቤት ሲመዝን ዘወትር የሚጠይቀው «ይህ ልጅ ለተጨማሪ ድጋፍ መስፈርቱን ያሟላል ወይ?» የሚለውን እንጂ «የችግሩ ስም ምንድን ነው?» የሚለውን አይደለም። ስለዚህም ጎበዝ ሆኖ ድክመቱን በማስታወስና በመገመት የሚሸፍን ልጅ፣ ማርኩ ከክፍሉ መካከለኛ ስላልወረደ ብቻ ሊታለፍ ይችላል። ቀድሞ በብዙ ቦታ ልጁ ድጋፍ እንዲያገኝ በአስተሳሰብ ችሎታው ውጤትና በትምህርት ውጤቱ መካከል ሰፊ ልዩነት መታየት ነበረበት፤ ልዩነቱ እስኪሰፋ ድረስ ልጁ ዓመታት እየወደቀ ይጠበቃል ማለት ነው። በአሜሪካ በ2004 የተሻሻለው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ ክፍለ ግዛቶች ይህን ልዩነት አስገዳጅ መስፈርት እንዳያደርጉት ደንግጓል። የትኛውን መስፈርት እንደሚከተሉ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ሊሆን ይገባዋል።

ስለ ጊዜ ገደብ ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአሜሪካ ወላጅ በጽሑፍ ከፈቀደ በኋላ፣ ክፍለ ግዛቱ የራሱን ገደብ ካላስቀመጠ በስተቀር፣ ምዘናው በ60 ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ በውጤቱ የማይስማማ ወላጅም በመንግሥት ወጪ ገለልተኛ ምዘና እንዲደረግ የመጠየቅ መብት አለው፤ ትምህርት ቤቱ አልከፍልም ካለ የራሱ ምዘና ብቁ መሆኑን በችሎት ማስረዳት ይኖርበታል። በእንግሊዝ የአካባቢው አስተዳደር ለምዘና ጥያቄ በ6 ሳምንት ውስጥ ምላሽ መስጠት፣ የድጋፍ ዕቅድ ከተፈቀደም መላውን ሂደት በ20 ሳምንት ውስጥ መጨረስ ይጠበቅበታል። የተባበሩት መንግሥታት በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ተማሪው እንደ ፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት ይጠይቃል። ዝርዝር የጊዜ ገደብ በሌለበት ቦታም ቢሆን ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ የማይተካ ጥቅም አለው፤ መቼ እንደተጠየቀ ያስረዳልና።

እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ለልጄ መምህር ጉዳዩን በር ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አንስቼላቸዋለሁ፤ ሦስት ጊዜም «ገና ልጅ ነው፣ ይደርስበታል» የሚል ቅን መልስ ሰምቻለሁ። በዓመቱ መጨረሻ መምህሩ ተዛወሩ፤ አዲሱ መምህር ዘንድ ስሄድ ስለ ልጄ የተጻፈ አንዲት መስመር እንኳ አልተገኘችም። በቀጣዩ ዓመት ያስገባሁት ደብዳቤ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር። ልጃችን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አዳዲስ ቃላትን ማንበብና ቃለ ጽሕፈት መጻፍ ይቸግረዋል፤ ሲነበብለት ግን ታሪኩን በሚገባ ይረዳል፣ ጥያቄም ይመልሳል። ባለፉት ሁለት ዓመታት የተሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት በቂ ለውጥ አላመጣም። ስለሆነም በንባብ፣ በጽሕፈት፣ በቋንቋና በትውስታ ሙሉ ምዘና እንዲደረግለት እንጠይቃለን። ምዘናው መቼ እንደሚጀመር፣ ማን እንደሚያካሂደው፣ እስከዚያውም ልጁ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያገኝ በጽሑፍ ቢገለጽልን። የአምስት ገጽ የደብተር ቅጂ አያይዘናል።»

ደብዳቤው አይወቅስም፤ የችግሩን ስምም ራሱ አይወስንም። የሚቸግረውንና የሚሳካለትን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ሦስት የተወሰኑ መልሶችንም ይጠይቃል። ቅጂው ላይ የደረሰበትን ቀንና ማኅተም ማስመታት ያስፈልጋል።

ከፍሎ ማስመዘን

የግል ባለሙያ ብልጫው ፍጥነት፣ ጥልቀትና የወላጅ ምርጫ ነው። ልጁን ለብዙ ሰዓታት፣ በተለያዩ ቀጠሮዎች ሊያየው ይችላል፤ የችግሩን ስም ለመግለጽም ትምህርት ቤቱ ያለበት ቁጥብነት የለበትም። ዲስሌክሲያ (የንባብ ችግር)፣ ዲስካልኩሊያ (የሒሳብ ችግር)፣ ዲስግራፊያ (የጽሕፈት ችግር) የሚሉት ስሞች በትምህርት ቤት ሪፖርት ውስጥ ላይገኙ፣ በግል ሪፖርት ውስጥ ግን በግልጽ ሊጻፉ ይችላሉ። ስም መስጠቱ ለአንዳንዱ ልጅ እፎይታ ነው፤ «ሰነፍ» ከሚለው ስም የተሻለ አማራጭ ስለሚሰጠው።

ሆኖም ትምህርት ቤቱ የግል ሪፖርትን አይቶ ያስብበታል እንጂ የተጻፈውን ሁሉ ለመፈጸም በአብዛኛው ግዴታ የለበትም። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተዘጋጀ ወፍራም ሪፖርት ቀርቦ፣ «እኛም የራሳችንን ምዘና ማድረግ አለብን» የሚል መልስ ሲሰጥ ወላጅ በአንድ ጊዜ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያጣል። ሌላም ብዙ የማይነገር ነገር አለ፤ የከፈለ ሰው መልስ ይዞ መመለስ ስለሚፈልግ፣ ጥቂት የማይባሉ ሪፖርቶች ስያሜ ለመስጠት ይቸኩላሉ። ልጁ እስካሁን ምንም የተደራጀ እገዛ ካላገኘ፣ ጠንቃቃ ባለሙያ «አሁን መደምደም አልችልም» ለማለት አይፈራም፤ እኔ እንዲህ የሚለውን ነው የማምነው።

ስለዚህ ከመክፈል በፊት በስልክ የሚጠየቁ ጥቂት ነገሮች አሉ። ባለሙያው ይህን ምዘና ለማካሄድ ፈቃድ አለው ወይ? መለኪያዎቹ የተዘጋጁት በየትኞቹ ልጆች ላይ ተሞክረው ነው? ከመምህሩ ጋር ይነጋገራል ወይ? ክፍያው ውጤቱን ለወላጅ የሚያስረዳበትን ቀጠሮና ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚደረገውን ስብሰባ ይጨምራል ወይ? ከሁሉ በላይ ምክሮቹ ምን ያህል የተወሰኑ እንደሆኑ፣ የማንንም ልጅ ማንነት በማይገልጽ ናሙና አሳዩኝ ማለት ይቻላል። «በንባብ እገዛ ይደረግለት» የሚል ምክር ምክር አይደለም፤ «በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ፣ ከሦስት ልጆች ባልበለጠ ቡድን፣ የድምፅና የፊደል ግንኙነትን በቅደም ተከተል የሚያስተምር» የሚለው ግን መምህሩ ሰኞ ዕለት ሊሠራበት ይችላል። ክፍያው ከአቅም በላይ ለሆነባቸው ደግሞ የስነ ልቦና ትምህርት ክፍል ያላቸው አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሠልጣኞች በመምህራቸው ቁጥጥር ሥር ሆነው የሚመዝኑባቸው ክሊኒኮች አሏቸው፤ ቀጠሮው ቢረዝምም ሥራው ብዙ ጊዜ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው።

የግል ምዘናን በተለይ የምመርጠው በሦስት ሁኔታ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ባለሙያ ጨርሶ ከሌለው፣ መዝኖ ያወጣው ውጤት በቤት ከሚታየው ጋር ጨርሶ ካልገጠመ፣ ወይም ልጁ ለከፍተኛ ክፍሎች ፈተና ተጨማሪ ሰዓት ለማግኘት በቅርብ ጊዜ የተሠራ ሪፖርት ከተጠየቀ።

የሐኪሙ ድርሻ

የንባብ ወይም የሒሳብ ችግርን የሚያሳይ የደም ምርመራ ወይም የጭንቅላት ፎቶ የለም። ሐኪም ዘንድ የሚኬደው የመማር ችግር የሚመስለውን ሌላ ነገር ለማስወገድና አብሮ ያለውን ለማግኘት ነው። ከጆሮ ታምቡር ኋላ የተጠራቀመ ፈሳሽ የልጁን መስማት ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ከቅርብ አጥርቶ አለማየት በሩቅ ሰሌዳ ምርመራ ሊያመልጥ ይችላል። ጥቂት ሰከንድ የምትቆይ፣ ልጁ በድንገት ፈዝዞ የሚመለስባት የሚጥል በሽታ ዓይነት «ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው» ተብላ ለዓመታት ልትታለፍ ትችላለች። የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ ጉድለትና የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መዛባትም ትኩረትን ያሳጣሉ። የትኩረት ጉድለትና የቅብጥብጥነት ችግር ከመማር ችግር ጋር አብሮ የሚገኝበት ጊዜም ብዙ ነው፤ መድኃኒት ትኩረቱን ሊያሻሽልለት ይችላል፣ ንባብ ግን አያስተምረውም። ስለዚህ ሐኪሙ ብቻውን በቂ መንገድ አይደለም፤ የጆሮና የዓይን ምርመራው ግን ከየትኛውም ምዘና መቅደም አለበት፣ ሳይሰማ የተመዘነ ልጅ ውጤት አያስተማምንምና።

ድጋፉን ማስቀደም

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከምዘና በፊት በየደረጃው ከፍ የሚል እገዛ ሰጥተው የልጁን ምላሽ ይከታተላሉ። አስተሳሰቡ ትክክል ነው። ከላይ እንደተጠቀሰው፣ እገዛ ሳያገኝ የቆየን ልጅ የመማር ችግር አለበት ብሎ መደምደም አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ልጆችም በሚገባ ሲማሩ ብቻ ይለወጣሉ። በአሜሪካ በ2000 የወጣው የብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ሪፖርት የድምፅ ግንዛቤን፣ የፊደልና የድምፅ ግንኙነትን በሥርዓት ማስተማርን፣ የንባብ ቅልጥፍናን፣ የቃላት ዕውቀትንና መረዳትን የንባብ ትምህርት ምሰሶዎች አድርጎ አስቀምጧል። የመማር ችግር ኖረበትም አልኖረበትም ለልጁ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በመጠኑ፣ በድግግሞሹና በቡድኑ ማነስ ላይ ነው።

አደጋው «እናየዋለን» የሚለው ቃል ማለቂያ ሲያጣ ነው። የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት የልዩ ትምህርት ክፍል በ2011 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ይህ አሠራር ወላጅ የጠየቀውን ምዘና ለማዘግየት ወይም ለመከልከል ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አስታውቋል። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጥ ወላጅ አራት ነገሮችን ያስጽፍ፦ ምን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚሰጠው፣ በምን እንደሚለካና መቼ እንደሚያበቃ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ተገቢ ገደብ ይመስለኛል።

ለውጡን ቤት ውስጥም መለካት ይቻላል። ከልጁ የክፍል ደረጃ ጋር የሚመጣጠን፣ ከዚህ በፊት ያላነበበው ጽሑፍ ይመረጥና ለአንድ ደቂቃ ብቻ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይደረጋል፤ ወላጁ በሌላ ቅጂ ላይ የተሳሳተውን ቃል እያሰመረ ይከታተላል። ለምሳሌ በመጀመሪያው ሳምንት 31 ቃል ደርሶ 9 ቢሳሳት፣ በትክክል ያነበበው 22 ነው ተብሎ ከነቀኑ ይመዘገባል። ከስድስት ሳምንት እገዛ በኋላ ክብደቱ ተመሳሳይ በሆነ ሌላ ጽሑፍ 24 ላይ ከሆነ፣ እገዛው ወይ አልበዛም ወይ ዓይነቱ አልገጠመም ማለት ነው፤ 38 ላይ ከደረሰ ደግሞ የጀመሩትን መቀጠል ነው። ይህች ግማሽ ገጽ መዝገብ በስብሰባ ላይ «ለውጥ አላየሁም» ከሚል የአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ትሠራለች።

በየትኛው ቋንቋ?

ቤት አንድ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤት ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ሲመዘን ከሁለት አንድ ስህተት ይፈጠራል። አንደኛው ቋንቋውን ገና አለመልመዱ እንደ መማር ችግር ይቆጠርበታል፤ ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ይበልጥ የሚያዘገየው፣ እውነተኛ ችግሩ «ቋንቋው ነው» እየተባለ ዓመታት ይገፋል። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋውም ይቸገራል ወይ የሚለው ነው፤ አፍ የፈታው ዘግይቶ ነበር? ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ቃላት ያምታታል? እንደ እርሱ ቋንቋውን በቅርብ የጀመሩ ሌሎች ልጆች ጥለውት ሄደዋል? ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች የተዘጋጀን መለኪያ ቃል በቃል ተርጉሞ ያንኑ የውጤት ሠንጠረዥ መጠቀም ትክክል አይደለም፤ ቃሉ ሲተረጎም ክብደቱም ይለወጣል።

በላቲን ፊደል ስለሚያነቡ ልጆች የሚጻፉ ምልክቶችም ለእኛ ፊደል እንዳሉ አይሠሩም። እዚያ ስለ ተገለበጡ ፊደላት ብዙ ይባላል። በግዕዝ ፊደል የሚያነብ ልጅ ግን የሚጠብቀው እያንዳንዱ ተነባቢ ሰባት መልክ ያለው፣ ልዩነቱም በአንዲት ቅጥያ ወይም እጥፋት የሆነ ገበታ ነው፤ «በላ» ለማለት «በሉ»፣ «ቤቱ» ለማለት «ቤት» እያለ የሚሄድ ልጅ ምን ላይ እንደሚሰናከል ለማወቅ ስህተቶቹን ለቅሞ መጻፍ ያስፈልጋል። መዛኙ ፊደሉን የማያውቅ ከሆነ ይህን የሚያደርሰው ወላጁ ነው።

ሪፖርቱን ማንበብ

የልጁ ሪፖርት ሲመጣ በመጀመሪያ የሚፈለገው ድምሩ ነው፤ እዚያ ላይ መቆም ግን አይገባም። አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ፦ የቃል ግንዛቤ 112፣ የሥራ ትውስታ 84፣ አድምጦ መረዳት 110፣ ቃላት ማንበብ 78፣ ትርጉም የሌላቸውን የተፈጠሩ ቃላት ማንበብ 74። በእነዚህ መለኪያዎች መካከለኛው 100 ሲሆን፣ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ያህሉ በ85 እና በ115 መካከል ይገኛሉ። 78 ማለት ወደ 7ኛው ፐርሰንታይል ይጠጋል፤ ከመቶ እኩዮቹ ውስጥ ከሰባቱ ያህል ብቻ እኩል ወይም የተሻለ ሠርቷል ማለት እንጂ ከመቶ ጥያቄ ሰባት መለሰ ማለት አይደለም። ይህን ስህተት መምህራንም ሲሠሩት አይቻለሁ። ቁጥሩ ከነስህተት ክልሉ ነው የሚነበበው፤ ያው ልጅ በሌላ ቀን 75 ወይም 82 ሊያመጣ ስለሚችል፣ በጥቂት ነጥብ ልዩነት ድጋፍ መስጠትና መከልከል መለኪያውን አለመረዳት ነው።

የዚህ ልጅ ሁሉም ውጤት ቢደመርና ቢካፈል መካከለኛ አካባቢ ያለ ልጅ ይወጣል፤ ድምሩ «ደህና ነው» ይላል። ረድፎቹ ግን ሌላ ታሪክ ይነግራሉ፦ ሲሰማ የሚረዳ፣ ሲናገር የሚያስረዳ፣ ያላየውን ቃል በፊደሉ ፈትቶ ማንበብ ግን የማይችል ልጅ። የተፈጠሩ ቃላት ላይ ያመጣው 74 በተለይ ይናገራል፤ እነዚህን ቃላት በማስታወስ ማምለጥ አይቻልምና።

ከድጋፍ ዓይነቶች መካከል መምረጥ

በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ተደርገው ይቀርባሉ። አንደኛው ማመቻቸት ነው፤ ተጨማሪ ሰዓት፣ ጥያቄው ሲነበብለት መስማት፣ ከሰሌዳ ከመገልበጥ ይልቅ የተባዛ ጽሑፍ ማግኘት። ሁለተኛው ያልያዘውን ክህሎት ማስተማር ነው። ማመቻቸቱ ለትምህርት ቤቱ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይፈቀዳል፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እርሱ ብቻ ሲሰጥ ግን ማንበብ ለማይችል ልጅ የማያነብበትን ሰዓት ማርዘም ይሆናል። ዕድሜው ከፍ ባለ ቁጥር ሚዛኑ ይለወጣል፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ሳይንሱን በድምፅ ቅጂ እየሰማ መከተሉ እንደ ሽንፈት የሚታይ አይደለም።

ክፍል መድገም ብዙ ጊዜ የሚቀርብ አማራጭ ነው፤ እኔ አልመክረውም። ያልገባውን በዚያው መንገድ ደግሞ መስማት የችግሩን ዓይነት አይለውጠውም፣ ጥናቶችም በአብዛኛው ዘላቂ ጥቅም አላገኙበትም። ከክፍል ወጥቶ በትንሽ ቡድን መማርን በተመለከተ የሚወጣበት ሰዓት ወሳኝ ነው፤ ልጁ የሚወደውንና የሚጎብዝበትን ትምህርት እያስቀሩ ማውጣት ቅጣት ይመስለዋል። አስጠኚ ሲቀጠር ደግሞ የቤት ሥራ አብሮ የሚሠራውና ንባብን ከመሠረቱ የሚያስተምረው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል፤ የመጀመሪያው ደብተሩን ያሳምራል፣ ልጁ ግን እዚያው ነው። ባለቀለም መነጽርና የዓይን እንቅስቃሴ ልምምድ ለዲስሌክሲያ መፍትሔ ተብለው ይሸጣሉ፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከዓይን ሐኪሞች ማኅበራት ጋር በ2009 ባወጣው የጋራ መግለጫ ይህን የሚደግፍ በቂ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል።

ከሁለቱም መንገዶች ለመጠቀም የሚያስብ ወላጅ አንድ ጥንቃቄ ያድርግ፦ የግሉና የትምህርት ቤቱ መዛኝ ያንኑ መለኪያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ቢሰጡት ልጁ ጥያቄዎቹን ስለለመዳቸው ውጤቱ ከፍ ሊልና ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የትኛው መለኪያ በየትኛው ቀን እንደተሰጠ ለሁለተኛው መዛኝ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ልጁም ሊነገረው ይገባል፤ ብዙዎቻችን የምንረሳው ይህን ነው። ለሐኪም ይሁን ለፈተና እንደሚሄድ ሳያውቅ የሚወሰድ ልጅ በፍርሃት ይዘጋል፣ የተዘጋ ልጅ ውጤትም ከአቅሙ በታች ይወጣል። የእኔ ልጅ በዋዜማው ማታ «ብወድቅስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄዎቹ የሚከብዱ እየሆኑ የሚሄዱት ሆን ተብሎ እንደሆነ፣ ማንም ልጅ ሁሉንም እንደማይመልስ፣ ሴትዮዋ የምትፈልገው ፊደላቱ ለምን እንደሚያስቸግሩት ማወቅ መሆኑን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ለምን እኔን አትጠይቀኝም?» አለ። በማግስቱ ይህንኑ ለመዛኟ ነገርኳት፤ መለኪያዎቿን ወደ ጎን አድርጋ የጀመረችው እርሱን በመጠየቅ ነበር።